እግሬ መሬት የነካበት ዳገት

እኛ ሦስታችን አንድ ሕግ አለን፤ በብስክሌት ዳገት ሲወጣ እግር መሬት ከነካ ዳገቱ አልተወጣም። ሕጉን ያወጣችው ከሦስታችን ነርስ የሆነችው ናት። ነጋዴው ጓደኛችን ሲሰማ ሳቀባት። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻ ግን ከሁለቱም ብሼ የሕጉ ዘበኛ ሆንኩ። ተፈጥሮዬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እምቢ ያልኩትን ነገር ነው በኋላ ሙጭጭ ብዬ የምይዘው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ከገላን መጋዘኖች ጭኜ ጅማ አራግፌያለሁ፤ ከቡራዩ ተራራ ድንጋይ እያወረድኩ የግማሽ አዲስ አበባን መሠረት ያቀበልኩ እኔ ነኝ ብል የምዋሸው ትንሽ ብቻ ነው። ግራ ጉልበቴ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን አልታጠፍም አለ። ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ እኔም መሪውን ለሌላ ሰው አስረክቤ ሰበታ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ "እረፍ" ይለኝ ጀመር። ሚስቴ እረፍ፣ ልጆቼ እረፍ። የዕድር ድንኳን ሲተከል ካስማ ላቀብል ብድግ ስል የዕድሩ ዳኛ "አንተ እረፍ፣ ወጣቶች አሉ" ብሎ ወንበር ይስብልኛል። ሁሉም በፍቅር እንደሚሉኝ አላጣሁትም። ግን ቃሉን ጠላሁት። ወንበሩንም ጠላሁት።

"ተነስ" ያለችኝ ነርሷ ብቻ ናት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጉልበቴን የምትከታተለው እሷ ነበረች። አንድ ቀን እግሬን አጥፋ ዘርግታ ስታበቃ፣ "ጋሼ፣ አንተን የሚጎዳህ መቀመጥ ነው። ብስክሌት ግዛ" አለችኝ። ይህች ሴት ጤና የላትም ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ገዛሁ። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትነዳ ስለነበር ተከተልኳት። ሰበታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴም ስኳር ስላለበት በእሷው ትእዛዝ ተቀላቀለን። በዕድሜ እኩያዬ፣ በሆድ አለቃዬ ነው። ዳገት ሲመጣ ምንም ሳያፍር ወርዶ ይገፋል። "እኔ ብስክሌቴን ላናፍሳት ነው የመጣሁት" ይላል።

በዓመት አንዴ የሦስት ቀን ጉዞ እንሄዳለን። የመጀመሪያውን ቀን ከሰበታ ተነስተን ቡራዩ እናድራለን። በማግስቱ ከቡራዩ ጀርባ ያለውን ተራራ በጠጠር መንገድ ተሻግረን ሱሉልታ እንወርዳለን። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባን አቋርጠን ሰበታ እንገባለን። የጉዞው ሁሉ ፍሬ ያለው ሁለተኛው ቀን ላይ፣ በዚያ ተራራ ዳገት ነው። ሰባት ኩርባ አለው። ጫፉ ላይ አንድ አሮጌ ጽድ ቆሟል። እግሩ መሬት ሳይነካ እዚያ የደረሰ ሰው ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ቅርንጫፉ ላይ ያስራል። ነርሷ ሦስት አስራለች። ነጋዴው ምንም። እኔም ምንም። ባለፈው ዓመት አራተኛው ኩርባ ላይ እግሬ ወረደና የቀረውን እየገፋሁ ጨረስኩት። ነጋዴው ከጎኔ እየገፋ "እንኳን ወደ ሰፈራችን በደህና መጣህ" ሲለኝ ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም።

ስለዚህ ዘንድሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን ቁራጭ ጎማ ማሰር። ሚስቴ ስንቄን ስትቋጥር፣ "አንተ ሰው፣ ለቁራጭ ጎማ ብለህ የተሰፋ ጉልበትህን ልታስቀድድ ነው?" አለችኝ። ለጎማው እንዳልሆነ ግን እሷም ታውቃለች።

ቡራዩ የነጋዴው እህት ቤት ነው ያደርነው። ጠዋት ጨጨብሳ በማር አብልታ፣ የውሃ መያዣችንን ሞልታ ሸኘችን። ከተማውን እስክንወጣ በባጃጅና በሚኒባስ መሃል መሹለክ ነበረብን። አንድ የሚኒባስ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ "ፋዘር፣ ይመችህ" አለኝ። የድንጋይ ጫኝ መኪኖቹ ከኋላዬ ሲመጡ ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ በድምፃቸው ብቻ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ ማርሹን አዘግይቶ ሲያንገጫግጨው የራሴ መኪና ይመስል ተናደድኩ።

ዳገቱ የሚጀምረው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ነው። ስንደርስ ግቢው ውስጥ ጥቂት ሰዎች ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ነፍስ ይማር ብዬ አማትቤ አለፍኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። መቃብሩ ታች ከተቆፈረ ሬሳው ከላይ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ የኖረ ሰው ይህን ለማሰብ ምን ይሳነዋል? እዚያው አረፍ ብለን ቀብሩን ጠብቀን ብንነሳ ሁሉም በወጉ ይሆን ነበር። እኔ ግን ያን ጠዋት ከጽዱ በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

ነርሷ እንደተለመደው ገና ከጅምሩ ጥላን ሄደች። ነጋዴው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሳይደርስ ወርዶ መግፋት ጀመረ። እኔ መሃል ላይ ብቻዬን ቀረሁ። የዳገት ሥራ በመኪናም በብስክሌትም አንድ ነው፤ ማርሹን አንተ ቀድመህ ካልቀነስክ ዳገቱ ራሱ ይቀንስሃል። ዓይኔን ከጎማዬ ሁለት ክንድ ራቅ አድርጌ ጣልኩ። ሽቅብ አላየሁም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲያንሸራትተኝ መሪውን ለቀቅ አድርጌ ያዝኩት። ሦስተኛው ላይ ጃኬቴን ሳልቆም በጥርሴ ጎትቼ ከፈትኩት። አራተኛው ላይ ስደርስ ጉልበቴ ያለፈውን ዓመት ያስታወሰ ይመስል መንቀጥቀጥ ጀመረ። "እንግዲህ አታዋርደኝ" አልኩት ጮክ ብዬ። የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ ሁለት ሦስት ስድብም ጨመርኩለት። ሰማኝ መሰለኝ፣ አራተኛው ኩርባ ከኋላዬ ቀረ።

አምስተኛውን አለፍኩ። ስድስተኛውን ስታጠፍ የጽዱ አናት ታየኝ፤ ሥሩ የተቀመጠችው የነርሷ ቢጫ ቆብም ታየኝ። የቀረኝ አንድ ኩርባና አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ነበር። ሳቄ መጣ። ብቻዬን እንደ እብድ እየሳቅሁ ስረግጥ ለቅሶውን ሰማሁ።

በስድስተኛውና በሰባተኛው ኩርባ መካከል ከላይኛው መንደር የሚመጣ የእግር መንገድ አለ። በእሱ በኩል ብቅ አሉ። ከፊት መስቀልና ዣንጥላ የያዙ ካህናት፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከዚያ በትከሻ የተያዘ ሳጥን። ከሳጥኑ ኋላ ኮርቻው ባዶ የሆነ ነጭ ፈረስ ይሳባል። ሟቹ ፈረሰኛ ነበሩ ማለት ነው። ሌሎቹ ፈረሰኞች ሁሉ ወርደው ፈረሶቻቸውን በልጓም እየሳቡ ይከተላሉ። መንገዱን ሞልተው ወደ እኔ ቁልቁል መጡ።

እውነቱን ልናገር። ልወርድ አልፈለግሁም። መንገዱ ዳሩ ሰፊ ነው፤ ጥግ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ቀስ ብዬ ባልፍ ማንም አይቀየመኝም አልኩ። ይህ ብረት ነው እንጂ በቅሎ አይደለም አልኩ። እኔ ደግሞ በሽተኛ ነኝ፣ ጉልበቴ የተሰፋ ነው አልኩ። ዓመቱን ሙሉ በሽተኛ አትበሉኝ ብዬ ስጣላ ከርሜ ያን ጊዜ በሽታዬን ራሴ ጠራሁት።

መንዳት ያስተማሩኝ ሰውዬ ትዝ አሉኝ። በዚሁ ዳገት ላይ ነው፣ ድንጋይ ጭነን ስንወርድ ሳይሆን ለመጫን ባዶ መኪና ይዘን ስንወጣ። ሞተሪኖው ሞቶ ነበር። መኪናው አንዴ ከጠፋ በግፊ ካልሆነ አይነሳም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ማን ይገፋል? ቀብር መጣ። ሰውዬው ጥግ ያዙና ሞተሩን አጠፉት፤ ቆባቸውን አውልቀው ከጋቢና ወረዱ። እኔ ስነጫነጭ "መኪናው ባይነሳ ሰው ፈልገን እናስገፋዋለን። ሬሳ ግን ሁለቴ አያልፍም" አሉኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ድረስ እዚያው ተገትረን ዋልን። ከዚያ ወዲህ መሪ በያዝኩበት ዘመን ሁሉ፣ ዳገትም ሆነ ሜዳ፣ ቀብር አይቼ ሞተር ሳላጠፋ ያለፍኩበት ቀን የለም።

ፍሬን ያዝኩና ወረድኩ። ግራ እግሬ ጠጠሩን ሲረግጥ ድምፁ ተሰማኝ። የራስ መከላከያ ቆቤን አውልቄ ቆምኩ። ግን ለሟቹ ሳይሆን ለራሴ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች በየጥቂት እርምጃው ይቀያየራሉ። አጠገቤ ሲደርሱ ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ሰውዬ ላብ አጥምቆታል። ብስክሌቴን በአንድ እጁ ተቀበለኝና ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ቦታውን ለቀቀልኝ። እኔም ገባሁበት። ከባድ ነበር። ቁልቁለት ለእኔ ጉልበት ከዳገት ይብሳል፤ ቢሆንም ከስድስተኛው ኩርባ እስከ አራተኛው ተሸከምኩ። ከፊትም ከኋላም ብዙ ሰው ነበር፤ አንድም ሰው "አንተ እረፍ" አላለኝም። እዚያ ላይ፣ የማላውቃቸውን ሰው ሬሳ ተሸክሜ፣ ቀና ብዬ ሄድኩ። ኮራሁ ብል ነውር እንዳይሆንብኝ፤ ግን ኮርቼ ነበር።

ቦታውን ለሌላ ለቅቄ ብስክሌቴን ስቀበል ነጋዴው ከታች እየገፋ ደረሰ። ብስክሌቱን አዙሮ ከእኛ ጋር ቁልቁል መሄድ ጀመረ። እስላም ነው፤ ቀብር ግን ቀብር ነው ይላል። ኦሮምኛ ከእኔ የተሻለ ስለሚችል ጎናችን ዳማ ፈረስ ከሚስቡ አንድ ሽማግሌ ጋር ወዲያው ተግባባ። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ሲራመዱ ቀኝ ዳሌያቸውን ይጎትቱታል።

"ሟቹን ታውቀዋለህ?" አሉኝ በአማርኛ።

"አላውቃቸውም አባቴ። ነፍስ ይማር።"

"ታዲያ ምን አወረደህ?"

ነጋዴው ለመልሱ ቀደመኝ። ሁሉንም በኦሮምኛ ዘረገፈላቸው፤ ሕጉን፣ ጽዱን፣ ባለፈው ዓመት አራተኛው ኩርባ ላይ መውረዴን፣ ዛሬ አንድ ኩርባ ሲቀረኝ እግሬ መሬት መንካቱን። እኔም ኦሮምኛ እሰማለሁና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰው ቀብር ላይ የጎማ ቁራጭ ወሬ ምን ይሉታል? ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "ኤዬ፣ እሺ" እያሉ አዳመጡትና ፈረሳቸውን እየሳቡ ሄዱ።

ቀብሩ ሲያበቃ ነርሷን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘናት። ብንዘገይባት ቁልቁል መጥታ ነበር። ነጋዴው የሆነውን ነገራትና ፍርዱን ራሱ ሰጠ።

"ይሄ ይቆጠርለታል። ለቀብር ነው የወረደው። አንቺም ብትሆኚ ትወርጃለሽ።"

"እወርዳለሁ" አለች።

"እንግዲያው ይሰር።"

ወደ እኔ ዞረች። እሺ እንድትል እንዴት እንደፈለግሁ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። አንዲት "እሺ" ብቻ። "ነክቷል ጋሼ" አለችኝ።

ንዴት አናቴ ላይ ወጣ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ግን ዓይኗን አየሁት፤ እሷም ከፍቷታል። ሊያስደስተኝ ብሎ የሚዋሸኝ ሰው ሞልቶልኛል፤ ቤቴም ዕድሬም እነሱ ናቸው። ይህች ሴት ግን እኔን እንደ ጤነኛ ሰው ቆጥራ ፈረደችብኝ። ንዴቴ ሳይበርድ አከበርኳት።

"ነክቷል" አልኩ። "እንደገና እወጣለሁ።"

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለ ነጋዴው። "ስማ፣ ሁለት ሬሳ በአንድ ቀን አልሸከምም።"

ነርሷ ተንበርክካ ሱሪዬን ሰበሰበችና ጉልበቴን በጣቶቿ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነስታ እጇን አራገፈች።

"አላበጠም" አለች። "ከኋላህ እሆናለሁ። ካመመህ ትነግረኛለህ፣ ካልነገርከኝ አላናግርህም።"

ሁለተኛው አወጣጥ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ፀሐዩ ወጥቷል፣ ስንቅ አልበላሁም፣ ትከሻዬ የሳጥኑን ጠርዝ እንደያዘ ነው። ከቀብር የሚመለሱት ሰዎች መንገዱን ይዘው ወደ ላይኛው መንደር ይወጣሉ። እኔ ከሚራመድ ሰው ብዙም አልፈጥንም ነበር። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ አለፉ፤ አንዷ ዞራ "አይዞን" አለችኝ።

ሦስተኛው ላይ ከኋላዬ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ይለፍ ብዬ ጥግ ያዝኩለት። አላለፈም። ዞር ብዬ እንዳላይ ሚዛኔን እስታለሁ፤ እኔ ስዘገይ ይዘገያል፣ ስጠነክር ይጠነክራል። አራተኛው ኩርባ ላይ ጎማዬ ጠጠር በትኖ ባዶውን ሲሽከረከር ብስክሌቱ ቆመ ለማለት ይቻላል። እግሬ ከፔዳሉ ሊወርድ ሲል ቂጤን ከኮርቻው አንስቼ በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩ። ነከሰ። የፈረሱ ኮቴም ቆም ብሎ ነበር፤ እኔ ስነሳ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም። ስድስተኛውን ኩርባ አልፌ ጠዋት የወረድኩበትን ቦታ፣ የእግሬን ምልክት ሳይቀር፣ ያየሁ መሰለኝ። ሰባተኛውን ታጠፍኩ። ጽዱ ደረሰ። ግንዱን በእጄ ያዝኩና ከዚያ በኋላ ነው እግሬን ያወረድኩት። ወድቄ ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። ነርሷ ከኋላ ደርሳ አጠገቤ ቁጭ አለችና ፊቷን ወደ ሱሉልታ ሜዳ አዞረች። እያለቀሰች እንደሆነ አውቄያለሁ፤ አላየሁም ብያታለሁ።

ቀና ስል ዳማው ፈረስ ፊቴ ቆሟል፤ ሽማግሌው ላዩ ላይ ናቸው። የመንደራቸው መታጠፊያ ከታች፣ ከሰባተኛው ኩርባ በፊት ነበር። አልፈውት ነው የመጡት። ልነሳ ስንደፋደፍ በእጃቸው ቆይ አሉኝ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ኮርቻው ላይ፣ አንዱን የፈረሱ ጋማ ላይ አድርገው፣ ያን የሚጎተት እግራቸውን ቀስ ብለው አዙረው ወረዱ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ለእኔ ከፈረስ ወረዱ።

ተነስቼ በሁለት እጄ እጃቸውን ጨበጥኩ። ረጅም ንግግር አላደረጉም። "ጀባዱ ልጄ" አሉኝ። በርታ ማለታቸው ነው። ልጄ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። "ገለቶማ" ብዬ አመሰገንኳቸው።

ሊሄዱ ዞሩ። እግራቸውን እርካቡ ላይ አደረጉና ሽቅብ ሲሉ ተንሸራተተ። ፈረሱ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ። እንደገና ሞከሩ፤ ግማሽ ድረስ ወጥተው ተመለሱ። ለመውረድ ሲወስኑ መውጣቱ እንዲህ እንደሚሆንባቸው ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። ነርሷ ልታግዛቸው ብድግ አለች። እጅጌዋን ያዝኩ።

"ተያቸው" አልኳት።

በሦስተኛው ሙከራ ወጡ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ ልጓሙን ሰበሰቡ፣ ወደ ኋላ ሳያዩ በመጡበት ቁልቁል ወረዱ። ነጋዴው ብስክሌቱን እየገፋ ሲደርስ እኔ አሮጌውን ከመነዳሪ እየቆረጥኩ ነበር።